ራቪት ከቤተ ሙከራ የምትወጣበት ሰዓት

ድንቄ የትምህርት ቤቱን አርማ በልጇ ሸሚዝ ላይ በካውያ እየለጠፈች ነበር። ስስ ጨርቅ ታነጥፍበታለች፤ ካውያውን ጫን አድርጋ ትይዛለች፤ ከዚያ ጠርዙ መያዙን በጥፍሯ ትሞክራለች። ሃይፋ አጠገብ ነሸር በምትባል ከተማ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ ስትተኩስ የምትውል ስለሆነች እጇ አይቸኩልም። እኔ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ ነኝ፤ ይህን ያጫወተችኝም እየተኮሰች ነው።

ልጇ ራቪት ሰባተኛ ክፍል ናት። ወደፊት ፊዚክስ ክፍል ልግባ ትላለች። እዚያ የሚገባው ግን ሙከራውን ሁሉ የሠራ ተማሪ ነው፤ ራቪት ደግሞ የሙከራው ሰዓት ሲደርስ ተጠርታ ትወጣለች። ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች ልጆች ተብሎ ለተጨማሪ ትምህርት የተሰጠ በጀት አለ፤ በዚያ የተቀጠረችው አስተማሪ የምትመጣው በዚያው ሰዓት ነው።

«ለምን በዚያው ሰዓት?» የሚለው ነገር ድንቄን ከነከናት። አንድ ጠዋት ራቪትን ከመጥራታቸው በፊት ደረሰች። የክፍሉ ኃላፊ ይፋት የምትባል ወጣት አስተማሪ ናት።

«ድንቄ፣ ስንት መልእክት ላክንልሽ! አልመለስሽም። ቤሰደር፣ እሺ ብላለች፣ ተስማምታለች አልን።»

«ኧረ እኔስ ዝም ያልኩ አክብሬዎት ነው! በእኛ አገር ልጁን ለአስተማሪ የሰጠ ወላጅ አፉን አይከፍትም። ለመሆኑ እዚያ ምንድን ነው የምታስተምሯት?»

«ዕብራይስጥ ማንበብ።»

«ራቪትን? ሃይፋ የተወለደችውን? እኔን ስታርም የምትውለውን? ይልቅ ሰዓቱን ለእኔ ስጡኝ!»

ይፋት ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ቀላ። «በጀቱ ለእነሱ ስለመጣ ሁሉንም አብረን እናወጣቸዋለን። የትኛዋ እንደሚያስፈልጋት አልጠየቅንም። እናት እንቢ ካለች ግን አትወጣም።»

«እንግዲያው እንቢ» አለች ድንቄ። አስተማሪን እንቢ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ራቪት ቤተ ሙከራው ውስጥ ቀረች። ድንቄም እዚያ ምን እንዳለ ለማየት ከኋላ ካለ ረጅም በርጩማ ላይ ወጣች።

«እማ፣ ዳይ፣ በቃ! ሂጂ!» አለች ልጅቱ አፍራ።

«ዞር በይ፣ ጋረድሽኝ!»

ልጆቹ ሎሚዎች ላይ ምስማርና የመዳብ ቁራጭ ሰክተው በሽቦ አያያዟቸው፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል መብራት በራች። ራቪት ሽቦዎቹን አቀያየረቻቸው፤ መብራቷ ጠፋች። መለሰቻቸው፤ በራች። ድንቄ «ለምን ይመስልዎታል?» ትለኛለች። እኔም እያሰብኩት ነው።

ድንቄ ያን ቀን ከሥራ የቀረችው ክርያት ሞጽኪን ወደምትባል ከተማ ሄዳ የባሏን የማለደን ጫማ ከጫማ ሰፊው ልታመጣ ነበር። እሷ የትምህርት ቤቱ የመውጫ ደወል እስኪደወል እዚያው ስትቀመጥ ሰፊው ዘጋ፤ ማለደም ማታ የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ በሰንደል ጫማ ተገኘ።