ሰብሳቢያችንና የሚሽከረከረው ወንበር

ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ያስተማሩኝ መምህር ዛሬ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ከሰሜን ተመድበው አርባ ምንጭ መጡ፤ ለጥቂት ዓመት ብለው በላይኛው ከተማ፣ ሴቻ፣ ቀሩ። ስለ ነገሥታት ሲያስተምሩ ኮታቸውን እንደ ካባ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በዴስኮቹ መሀል ይንጎማለሉ ነበር። የወታደሮቹ ዘመን ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጡጫቸውን ወደ ላይ እየሰነዘሩ መፈክር ያስወርዱናል። ገዥ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ትሁት ነው ይሉን ነበር። እኛም በሳቅ እንሞታለን፤ ፈተና ላይ ግን ሳቁ አይጠየቅም።

መምህሬ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ ልጁ ዘንድ ሐዋሳ ሊኖር ሄደና ቦታው ክፍት ሆነ። ለምርጫ ተሰብስበን ሁላችንም ጫማችንን ስናይ፣ ሰፈሩ «ጋሼ» የሚላቸው መምህሬ ብቻ እጃቸውን አነሱ። ዝንብ ሊያባርሩ እንደነበር የሰማነው ቆይተን ነው። በጭብጨባ ተመረጡ። ተነሥተው ሥልጣን ያበላሻቸውን ሰዎች ከጥንት ጀምረው ሲዘረዝሩልን ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በመጨረሻም እርሳቸው የእኛ አገልጋይ እንጂ አለቃ እንዳልሆኑ ተናገሩ። አጥብቀን አጨበጨብን፤ የጭብጨባው ግማሽ ንግግሩ ስላለቀ ነው።

አጀማመራቸው ጥሩ ነበር። የተቀደደውን ድንኳን አሰፉ፣ ወንበሮቹን አሳጠቡ። ነገር የመጣው አንድ ሆቴል አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ ነው። ጋሼ ከዚያ መሀል ባለ ጎማ፣ የሚሽከረከር፣ መደገፊያው የተላጠ የቢሮ ወንበር አግኝተው በባጃጅ ጭነው መጡ። ስብሰባችን ሰፈሩ ጫፍ ላይ ካለ ትልቅ ማንጎ ሥር ነው፤ መሬቱ ወደ ጫሞ ሐይቅ ያዘቀዝቃል፤ ጫፉ ገደል ነው። ጋሼ አጀንዳ እያብራሩ ሳለ ወንበሩ ቀስ ብሎ ይዟቸው ወደ ገደሉ መሄድ ጀመረ። እኔ ጸሐፊ ስለነበርኩ በግራ በኩል ሮጬ ያዝኩት፤ ባለሱቁ ጎረቤታችን በቀኝ ያዘው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ሥራ መደበኛ ሆነ። ጋሼ እየሳቁ ባለሱቁን «ቀኛዝማች»፣ እኔን «ግራዝማች» ብለው ሾሙን። በቀልድ ነበር። ሦስተኛው ስብሰባ ላይ ግን ሲጠሩን መሳቅ ትተው ነበር። እኔም እውነቱን ለመናገር፣ ባለሱቁ ማዕረጉ ከእኔ እንደሚበልጥ ለደንበኞቹ ሁሉ ሲያወራ ከረመና አኮረፍኩት፤ ስኳር ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ሰብሳቢው ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ቆሞ እንዲቀበል ተወሰነ። ማን እንደወሰነው አላውቅም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ግን አላውቅም።

ከዚያ የዝንጀሮዎቹ ጉዳይ መጣ። ማንጎ ሲበስል ከታች ካለው ጫካ እየወጡ ጓሮ መዝረፋቸው እዚህ አዲስ አይደለም። ጋሼ ግን የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ማለዳ በድምፅ ማጉያ በየአጥሩ ሥር እየዞሩ ግቢ ውስጥ ማንጎ መብላት፣ ልብስ አስጥቶ መተው፣ ዝንጀሮ አይቶ መሳቅ ክልክል መሆኑን ለፈፉ።

ከጎረቤቶቻችን አንዷ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ አባታቸው ዶርዜ ናቸው፤ ሰፈሩ «ሲስተር» ይላቸዋል። ስብሰባ ላይ ተነሥተው ዕድር ለሐዘን የተቋቋመ እንጂ ከዝንጀሮ ጋር ምን እንዳገናኘው ጠየቁ። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እርሳቸው አዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በመካከላችን የዝንጀሮ ተላላኪዎች እንዳሉ መረጃ ደርሶናል አሉ። ከዚያ ወዲያ ሐሳብ የሚሰጥ ጠፋ። ተላላኪ መባል ደስ አይልም፤ የዝንጀሮ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

አንድ እሑድ ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሆን ብለው አረፈዱ። እኛ ተደርድረን ተቀምጠናል፤ ባለሱቁና እኔ ባዶውን ወንበር ግራና ቀኝ ይዘናል። አንድ ጎፈሬያም ወንድ ዝንጀሮ ከገደሉ ወጣ፣ በመካከላችን ተንጎማልሎ አለፈ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ባለሱቁ በሹክሹክታ እንዳትለቅ አለኝ። እኔም ይበልጥ ጨበጥኩት።

ከፊት የተቀመጡት ዓይናቸው የደከመ እናት የወንበሩን ሲጢጥታ ሲሰሙ፣ ሰብሳቢው መጡ ብለው ተነሡ። እርሳቸው ሲነሡ ከኋላ ያሉት ተነሡ። በመጨረሻ ዕድሩ በሙሉ ቆመ። ጋሼ የደረሱት ያን ጊዜ ነው፤ ሕዝባቸው ለዝንጀሮ ቆሞ አገኙት። ዝንጀሮውም ዞር ብሎ ገላመጣቸው።

ጋሼ ኮታቸውን አስተካከሉ። «ተቀመጡ» አሉ። ሁላችንም ተቀመጥን። ዝንጀሮውም እንደተቀመጠ ቀረ። ሲስተር ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዝንጀሮው ሲበቃው ከወንበሩ ሥር የነበረውን ድምፅ ማጉያ አንሥቶ ወረደ። አንዱን ቁልፍ ነካው መሰለኝ፣ ጫካው ውስጥ ሳይረን እየጮኸ ሲርቅ ሰማነው።

ጋሼ ከዚህ ይማራሉ ብለን ነበር። ብሶባቸው መጡ። ዝንጀሮውን ማን እንዳስገባ የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ዋና ተጠርጣሪዎቹ ቀኛዝማችና ግራዝማች ሆንን። ባለሱቁና እኔ በአንድ ቀን ታረቅን።

መላውን ያገኙት ሲስተርና የጋሼ ባለቤት እትዬ ናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ ሲስተር ተነሥተው ጋሼን ያወድሱ ጀመር። እንዲህ ያለ መሪ ሥርዓቱ ሳይፈጸምለት መቅረቱ ነውር ነው፤ በአባታቸው አገር፣ ዶርዜ ላይ፣ ሕዝብ የመረጠው ሰው ሃላቃ ይባላል፣ አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፣ አገር ወጥቶ ያከብረዋል አሉ። የጋሼ ዓይን በራ። ሕዝብ ከፈለገ እምቢ እንደማይሉ ተናገሩ፤ እኛም በአንድ ድምፅ ፈለግን። ቃለ ጉባኤው ከተፈረመ በኋላ ነው ሲስተር የቀረውን ያስከተሉት። ሃላቃ ለአገሩ በራሱ ከብት ይደግሳል። አያዝም፤ ጉባኤ የመከረውን ይዞ ይላላካል። አገር ላይ ክፉ ነገር ከመጣ ደግሞ ምን አጠፋህ ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ጋሼ ወደ ባለቤታቸው አዩ። እትዬ «ፈርመሃል» አሏቸው።

በድግሱ ቀን ሲስተር ራሳቸው ቅቤውን በጋሼ አናት ላይ ለጠፉት። ዶርዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅቤ እንደተደረገ ይውላል። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ግን ቀልድ አያውቅም፤ ሳይቆይ መነጽራቸው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። በሬው ታርዶ፣ ቆጮውና የሚያቃጥለው ዳጣ ቀርቦ፣ የአገሩ ጠላ ቦርዴ በእንስራ ተደርድሮ፣ ጋሼ በራሳቸው እጅ አስተናገዱን፤ ሙስሊም ለሆነው ባለሱቅም የራሱ ሰው ያረደው ዶሮ ለብቻ ተሠርቶለት ነበር። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ፋታ አላገኙም። ምሳ ያልበሉት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ድምፅ ማጉያው ስለሌለ ከዚያ በኋላ ስብሰባ የሚጠሩት በእግራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ሆነ። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ግን በየቤቱ ግቡ ይባላሉ፣ ሻይ ይቀርባል፣ ጨዋታ ይመጣል። የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ማን አልጋ እንደያዘ እያወቁ መጡ፤ አቅመ ደካሞቹን ዕድርተኛው ሄዶ እንዲጠይቅ ማድረግ ጀመሩ። የአጣሪ ኮሚቴው ነገር ተረሳ፤ ማንም አላስታወሳቸውም። ጊዜያቸው ሲያበቃም ያለ ንግግር ለሲስተር አስረክበው ቁጭ አሉ።

በቅርቡ አጥራችን ላይ ተደግፈን ስንጫወት ሲከነክነኝ የኖረውን ጠየቅኋቸው። የእነዚያን ሁሉ ገዥዎች ታሪክ እያወቁ እንዴት እንዲህ ሆኑ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«ሳስተምር ንጉሥ ሁሉ ንጉሥነቱ ለራሱ የሚታወቀው ይመስለኝ ነበር» አሉ። «እኔ ግን አንድም ቀን ንጉሥ የሆንኩ አልመሰለኝም። ዕድር የምመራ ነው የመሰለኝ።»

«እነርሱስ?»

«እነርሱም እንደዚያው ሳይመስላቸው አልቀረም።»

በዚያ መሀል ታች ሰፈር ሐዘን መኖሩ ተነገረንና ድንኳን ልንተክል አብረን ወረድን። ሁለታችንም ገመድ ይዘን ቆምን። ካስማው የት ይመታ በሚለው ላይ ግን ጋሼ እስከ ዛሬ ማንንም አይሰሙም።