ባለ ስድስት ጣቱ መልአክ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ካዛንቺስ። አባዬ ብሩሾቹን በዘንቢል ይዞ በር ላይ ይጠብቀናል። ጡረታ የወጣ ሰዓሊ ነው። ወጣት ሳለ በቡታጅራ መንገድ፣ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መላእክት ስሎ ነበር። የአንዱ መልአክ ቀኝ እጅ ስድስት ጣት እንዳለው ያየው መሰላሉ ከተነሳ በኋላ ነው። አፍሮ ለማንም ሳይናገር ሄደ፤ አርባ ዓመትም አልተመለሰም። ለእኔ የነገረኝ በዚህ ሳምንት ነው።

"ዛሬ አስተካክለዋለሁ" አለኝ።

ሾፌራችን ሽመልስ ሳቀ። "ጋሼ፣ ማለቴ፣ አንድ ጣት ናት እኮ! በቃ ይርሷት።"

"መኪናህ አምስተኛ ጎማ ቢያበቅል ትረሳዋለህ?"

3 ሰዓት፣ አዳዲ ማርያም። መንገዳችን ላይ ስለሆነች ጎራ አልን፤ ከአንድ አለት ተፈልፍላ የወጣች ቤተ ክርስቲያን ናት። ውስጧ ቀዝቃዛ፣ መተላለፊያዋ ጠባብ። አባዬ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል።

"እዚህ መዶሻ የሳተው ሰው ምን ይውጠው ነበር? መልሶ አይለጥፈው!"

6 ሰዓት፣ መንገድ ዳር ምሳ ቤት። ክትፎ በቆጮ። እኔና ሽመልስ ትሪውን አጸዳነው፤ አባዬ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ታጠበ።

8 ሰዓት። ጽድ የከበባት ክብ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ቄሱ ለቀብር ሄደዋል፤ በሩን የከፈተልን ዘበኛው ፈለቀ ነው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። መልአኩ እዚያው አለ፤ ክንፉን ከጣሪያው የሚያፈስ ዝናብ አጥቦታል። አባዬ ጥፋቱን ተናዘዘና ብሩሹን አወጣ።

"እንዳይነኳት!" ፈለቀ መሀል ገባ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ዘረጋ። ስድስት ጣት።

"ከእናቴ ማኅፀን እንዲህ ወጣሁ። ልጆች ሲስቁብኝ እናቴ እዚህ አምጥታ መልአኩን አሳየችኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይስቅብኛል? እርስዎ ነዎት የሣሉት?"

አባዬ የፈለቀን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ግን እየሳቀ ነበር።

ቄሱ ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው ክንፉ እንዲታደስ ፈቀዱ። አባዬ መሰላል ወጥቶ የታጠበውን ክንፍ አደሰ፤ ጣቶቹን አልነካም።

ምሽት 1፡30፣ ካዛንቺስ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከደጃፋቸው "ጉዞው እንዴት ነበር?" ሲሉ አባዬ ገና አንድ እግሩ መኪና ውስጥ ነው።

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አለ። "አንድ መልአክ አበላሽቼ ነበር..."