አቶ ግን የጠረጠረው አማች

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «አቶ ግን» ይለዋል። መኪናው ተነሣ ሲሉት «ተነሥቷል፣ ግን...» ይላል፤ ወጡ ጥሟል ወይ ስለው እንኳ «ጥሟል፣ ግን...» ነው መልሱ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ከእናቱ ጡት ጋር ሳይጠባው አልቀረም። እኔ ጋራዡ ውስጥ መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር አመሉ ተጋብቶብኛል።

ቀይዋን መኪና ያስጎተቱልን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት መጋዘን ውስጥ ቆማለች። አሁን ነርሷ ልጃቸው ቅዳሜ እናቷን ጎኗ አስቀምጣ በትልቁ ቁልቁለት ልትወርድባት ነው።

«አደራ እንግዲህ» አሉን። «ያለችኝ እሷው አንድ ልጄ ናት።»

አማቻቸው ቀድሞ አዲስ ባትሪ ገጥሞላታል። «ጋሼ፣ አንዴ ስነካት ተነሣች እኮ! ምን ቀራት?»

«መነሣትማ ትነሣለች» አለ ባሌ። «እኔን ያሳሰበኝ መቆሟ ነው።» ልጁ ሲወጣ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ «ይኼ ሰው ለምን ቸኮለ?» አለኝ።

ያረጀውን ነዳጅ ቀዳው፤ ቀለም ቀለም ይሸታል። አየር ማጣሪያው ውስጥ አይጦች ወልደዋል። ጎማዎቹ ጥርሳቸው አላለቀም፣ ጎናቸው ግን እንደ ደረቀ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል፤ አራቱንም ጣላቸው። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ፍሬን እንድረግጥለት አስገባኝ። ረግጬ ለቀቅሁ። የመኪናዋ እግር አልዞርም አለ።

«ልቀቂ እንጂ!»

«ከለቀቅሁ ቆየሁ፣ አንተ ሰውዬ!»

የሞተሩን መሸፈኛ ከፈተ። ሁሉም ነገር አቧራ ለብሷል፤ የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ክዳን ብቻ ተወልውላ ታበራለች። ጣቱን ነክሮ አሸተተና ፊቱ ጠቆረ። «ሌላ ዘይት ገብቶበታል። ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች አሳብጧቸዋል። መጀመሪያ ይነክሳል፣ በኋላ ጨርሶ ይከዳል። ቁልቁለቱ መሐል።»

ማን እንዳደረገው ለመወሰን ደቂቃ አልፈጀብኝም። መኪናዋን የነካ ማን ነው? «አልደረሰችም ወይ» እያለ በቀን ሦስቴ የሚደውለውስ? እናትና ልጅ በሁለት ሰው መኪና ሲወርዱ ከውጭ የሚቀረውስ?

በማግስቱ አማችየው ሲመጣ ባሌ የጋራዡን በር ዘጋበት።

«ክዳኑን ማን ከፈተው?»

«የምን ክዳን?»

«አትቀልድብኝ! ፍሬኑ ውስጥ ነፍስ የሚያጠፋ ዘይት አለ። የነካሃት አንተ ብቻ ነህ።»

ልጁ አመድ መሰለ። «እኔ? ሚስቴን?»

በዚህ መሐል የመለዋወጫው መስኮት ተንኳኳ። ወጣሁ። ልብስ ሰፊዋ ናቸው፤ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ ዘረጉልኝ።

«ረስቼው ነው፣ የኔ ልጅ። ባለቤቴ ሆስፒታል ሲገባ ‹ፍሬኗ ዘይት እንዳይጎድልባት› ብሎኝ ነበር። ይኼው የስፌት ማሽኔን ዘይት፣ በየእሑዱ ክዳኗን ወልውዬ፣ ጠብ ሳላደርግላት ቀርቼ አላውቅም። ማሽኔስ አርባ ዓመት የሠራችልኝ በዚሁ አይደል?»

«እሰጠዋለሁ» ብዬ ተቀበልኳቸው።

ገብቼ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ባሌ ጠርሙሷን አሸተተና ከወለቁት ጎማዎች አንዱ ላይ ተቀመጠ። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አለ። ሠላሳ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ለሌላ ሰው ወጣ። «አሁኑኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«የለም፣ ጋሼ!» አለ አማችየው። «እሑድ እሑድ እዚያ ገብተው ከባለቤታቸው ጋር ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ። ‹ልጅዎን ሊገድሏት ነበር› ይሏቸዋል?»

«ካልነገርናቸው ነገም ይጨምሩበታላ!»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «በእኔ ያሳብቡ። ‹አማችዎ ባትሪውን ሲገጥም የማይሆን ዘይት ጨመረ፤ ከእንግዲህ ክዳኑን ከመካኒክ በቀር ማንም አይንካ› ይበሏቸው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። እኔ ራሴ ዱላውን ካነሡት አንዷ ነበርኩና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ባሌ የፍሬኑን የጎማ ቀለበቶች በሙሉ ለወጠ፣ ቧንቧዎቹን አጠበ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። ቁልቁለቱን መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ እኔን ይዞ ሰባት ጊዜ ወረደ። በመጨረሻ ያመነ መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ባሌ ውሸቱን የተናገረው ጫማውን እያየ ነው። ልብስ ሰፊዋ አማቻቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አሥራ አንድ ዓመት እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኋትን?»

«አጥፍቻለሁ፣ እማዬ።»

«ሁለተኛ አጠገቧ እንዳላይህ!»

ሚስቱም ፊቷን አዙራ ሞተሩን አስነሣች። የጣሪያዋ ሸራ ታጥፎ፣ የእናትየው ሻርፕ እየተውለበለበ ሄዱ። ልጁ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቀረ፤ እሱ የሚከተላቸው በአውቶቡስ ነው። ባሌ እጁን ትከሻው ላይ አደረገለት። ሦስታችንም ቁልቁለቱን ማየት ጀመርን።

ታች መስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ድንገት ገባ። የቀይዋ የኋላ መብራት በራ፤ መኪናዋም ቀጥ ብላ ቆመች። ያኔ ነው ልጁ ሻንጣውን አስቀምጦ ያለቀሰው።