በጎግ የተመዘገበው የዱር ወይን

ጸጋአብን የማውቀው ጋምቤላ ግብርና ቢሮ አብረን ስንሠራ ነው። ከደጋ የመጣው በሰፈራው ዘመን ነበር። ሰፋሪው ማሳ ሲይዝ እሱ ቅጠል ያዘ። ያገኘውን ተክል ሁሉ በጋዜጣ መሀል አድርጎ ፍራሹ ሥር ይጫነዋል። ባለቤቱ ሊድያ "እኔ የምተኛው ጫካ ላይ ነው" ትል ነበር። እየቀለደች አልነበረም።

በ1986 ዓ.ም.፣ ክልሉ ገና በሁለት እግሩ ሳይቆም፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣለት። የጻፈው የደረቁ ዕፅዋት ከነመዝገባቸው የሚቀመጡበት ክፍል ነው። የላከው የዱር ወይን ቅጠል ብቻ ስለሆነ አይመዘገብም፣ ከነፍሬው ይላክ ይላል። ዝርያው ከዚያ አካባቢ አንድም መዝገብ የለውም። ጸጋአብ ደብዳቤውን እንደ ሹመት ወረቀት ኪሱ ይዞት ዞረ። "ይቺ ሐረግ ሳትመዘገብ ብሞት፣ ኖሬ ነበር አልልም" አለኝ። እኔ ለወይን እንዲህ የሚንሰፈሰፍ ሰው ጠጅ ቤትም አላየሁም።

ሐረጓን ያሳየው ጎግ ወረዳ የሚኖር ኦጅዋክ የሚባል ገበሬ ነው። እናቱም፣ እሱም፣ ልጆቹም ፍሬዋን እየለቀሙ በልተዋል። እስክትበስል ሁለት ወር ይቀራት ስለነበር ጸጋአብ ስመለስ እንዳትጠፋኝ ብሎ የተጠመጠመችበት ዛፍ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ጨርቁን ያወጣው ከቢሮው መጋዘን ነው። ካለፈው መንግሥት ሰልፍ የተረፈ ቀይ ጨርቅ ሞልቶ ነበር።

እዚያው ጎግ ለሚሠራ አዲስ ጽሕፈት ቤት መሬት የሚለኩት ሰዎችም ጨርቅ ያወጡት ከዚያው መጋዘን ነው። እነሱ የሚያስሩት የሚቆረጥ ዛፍ ላይ ነበር።

ጸጋአብ ሲመለስ ዛፉ ከተጋደመ ሦስት ቀኑ ነው። ሐረጓ ከነሥሯ ተነቅላ እላዩ ላይ ተኝታለች። ፍሬዋ በስሏል።

"ማነው ቁረጡ ያላችሁ?" አለ።

"አንተ" አለ ኦጅዋክ። "ቀይ አሰርክ። አንተ የመንግሥት ሰው። እኔ ራሴ ቆረጥኩ። ጓደኛዬ ነህ ብዬ፣ ከሌላው በፊት ያንተን ቆረጥኩ።"

ጸጋአብ ግንዱ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አካባቢውን ሦስት ቀን አስሶ ሌላ ሐረግ አላገኘም። ፍሬ የያዘውን ቅርንጫፍ በደረሰበት ዕለት ጋዜጣ ውስጥ ከቶት ስለነበር እሱን ላከ።

በዓመቱ መልስ መጣ። ተመዝግቧል፤ ሰብሳቢ ጸጋአብ፣ ቦታ ጎግ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፣ ግን ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ነበር። ለኦጅዋክ ማንበብ አለብኝ ብሎ ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ።

ኦጅዋክ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማ።

"ወረቀቱ ጎግ ውስጥ አለች ነው የሚለው?"

"አዎ" አለ ጸጋአብ።

"ጥሩ። የት እንዳለች ጠይቅልኝ። ልጆቹ ፈልገው አጥተዋታል።"