ለሸረሪቷ የሚሆን አፈር

የባዮሎጂው መምህር ለክረምት ትምህርት ሲሄድ ሸረሪቷን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። እኔ በፍኖተ ሰላሙ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ጽዳት ሠራተኛ ነበርሁ፤ ማንበብም የለመድሁት እዚያው ከተጣሉ ደብተሮች ነው። ሸረሪቷ መዳፍ የምታህል፣ ጸጉራም፣ ቡሬ መንገድ ዳር ቦይ ሲቆፈር የተገኘች ነበረች፤ የምትኖረው በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ አፈር ላይ። "አደራ፣ በሕይወት ጠብቂልኝ" አለኝ። አገራችን ደግሞ አደራ በላ ከመባል ሞት ይሻላል።

ሐምሌ ላይ የሣጥኑ አፈር ሻገተ። ይቀየር ብዬ ብናገር ርእሰ መምህሩ የግብርና ባለሙያ ጠራ። ዲፕሎማ ካየ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። ባለሙያው ስንዴን ከእንክርዳድ የሚለየው ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ሲያገኘው ብቻ ነበር፤ ጫማውም ጭቃ አያውቅም። አፈሩን በማዳበሪያ ከረጢት አሸክሞ መጣ።

"ከሠርቶ ማሳያው እርሻ ነው። እንዲህ ያለ አፈር በወረዳው የለም።"

እውነቱን ነው፣ የለም። ዳፕ ጠግቧል፣ ዩሪያ ጠግቧል፣ የተባይ መድኃኒት ተረጭቶበታል። ሽታው ከበር ይቀበላል።

"ሸረሪትም እኮ ተባይ ናት፣ ጌታዬ" አልሁት።

"ባለሙያው አንች ነሽ እኔ?"

ርእሰ መምህሩ "እሱ ያለሽን አድርጊ" አለ፤ አደረግሁ። ሸረሪቷ አፈሩን በአንድ እግሯ ነክታ መስታወቱን ወጣች፤ ሁለት ቀን ተንጠልጥላ ቀረች። ከዲፕሎማው እሷ ትሻላለች። በሦስተኛው ቀን እግሮቿ መላላት ሲጀምሩ ክዳኑ በተበሳ ቆርቆሮ አድርጌ አወጣኋት።

አሁን አፈር ከየት ይምጣ? የወንዝ አሸዋ ጉድጓዷን ይንድባታል። የበረት አፈር ትል ያፈላል። የቤት ጥግ እንዳልወስድ ለወባ ተረጭቷል። እርሻው ሁሉ ማዳበሪያ ቀምሷል። አስቤ አስቤ ማንኩሳ፣ ከወንድሜ ማሳ አጠገብ ያለው ወሰን ትዝ አለኝ። በሁለት ማሳ መካከል ያለውን ድንበር ማንም አያርሰው፣ ማንም አይረጨው።

የረሳሁት ነገር፣ መሬት ከተሸነሸነ ገና ብዙ እንዳልቆየ ነው። ሁለት አካፋ እንዳነሳሁ የወንድሜ ጎረቤት፣ ሽማግሌው፣ ከነዱላቸው ደረሱ።

"አንች፣ ወሰን የምትገፊው ማን ልኮሽ ነው?"

"አልገፋሁም አባ፤ ለሸረሪት አፈር ፈልጌ ነው።"

"ለምን?"

"ለሸረሪት። በሣጥን ለምትኖር።"

ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። "መሬቱ ለሰው አልበቃም ብለው ቆራርሰውት፣ አሁን ለሸረሪትም ሊደርሳት ነው?"

"ከርስዎ ድርሻ አይነካም።"

"እንግዲያ ወንድምሽን ጥሪው።"

ወንድሜ መጣ፤ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። ሽማግሌው ፈረዱ፦ ከእሳቸው በኩል አንድ ቁና፣ ከወንድሜ በኩል አንድ ቁና፤ ጉድጓዱም በድንጋይ ይሞላ፣ ሁለቱም ቆመው ይዩ። የዚያን ቀን ለሸረሪት መሬት ተካፈልን።

አፈሩን በእጄ ፈትጌ፣ ሥሩንና ጠጠሩን ለቅሜ፣ ውኃ ረጨት አድርጌ ሣጥኑ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ሸረሪቷን ከቆርቆሮው ስለቃት ወርዳ ቆማ ቆየች፤ ከዚያ መቆፈር ያዘች። በሳምንቱ አፉ በድር የተለበጠ ጉድጓድ ነበራት፤ እሷ ግን አትታይም።

ባለሙያው መጣ፤ አጎንብሶ አየ። "ገደልሻት። የኔን አፈር ብትተይው ኖሮ..."

ፌንጣ ጣልሁ። "ትንሽ ይጠብቁ፣ ጌታዬ።"

ከጉድጓዱ ዘላ ወጥታ ፌንጣውን ይዛ ገባች። ባለሙያው ወደ ኋላ ሲሸሽ በሩን በትከሻው መታው።

"አፈሩ የየት ነው?" አለኝ፣ ትከሻውን እያሻሸ።

ብነግረው የሽማግሌውን ወሰን ሠርቶ ማሳያ ሊያደርገው ነው። "የወፍጮ ቤት ጓሮ ነው" አልሁት። በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ጓሮ ሲያስቆፍር ዋለ አሉ። እኔ መስከረም ሲጠባ ከትምህርቱ የተመለሰውን መምህር ወደ ሣጥኑ ወስጄ ፌንጣ አቀበልሁት።