ያልተቀበረው እግር

ይህን ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ግማሹን ውጬ ነው የተናዘዝኩት። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ጽሑፌ ቢጣመም፣ አንባቢዬ፣ ታገሠኝ፤ ነገሩን ግን አላጣምመውም።

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ሐኪም ቤት የኦፕራሲዮን ክፍል ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ዶክተራችን የቆዳ ነቀርሳ በመቁረጥ የታወቀ ፈረንጅ ነው፤ ባላገሩ ግን “እግር ቆራጩ” ይለው ነበር። ገበሬው በውስጥ እግሩ ጥቁር ቁስል ይዞ ይመጣል። እግርህ ይቆረጥ ሲሉት በመጣበት ይመለሳል፤ ይሞታል።

እትዬ ጥሩነሽም ከአንኮበር የመጡት በዚሁ ቁስል ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው የማይዝል ሴት ነበሩ። ዶክተሩ ካልተቆረጠ ይሞታሉ ቢላቸው ሞቱን አልፈሩም።

“በትንሣኤ ሙታን በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ልነሣ ነው እንዴ?” አሉት።

በመጨረሻ እግራቸው በአጥቢያቸው በማርያም ቅጽር እንዲቀበር ተስማምተው ተቆረጡ። አደራውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በነጠላቸው ጠቅልዬ የወጣሁት እኔ ነኝ።

የጫነኝ መኪና ጭጋግ ይዞት ከመንገድ ቀረ። በእግሬ ትንሽ እንደሄድኩ ዝናብ ወረደ። ለአንድ የበሰበሰ እግር ይህን ሁሉ መንገድ? ዕድሜ ልኬን የሰው ቁራጭ ተሸካሚ ነኝ? ማን ያየኛል? ገደል ወረወርኩት። ጅብ ከሚበላው በቀር ምን ይሆናል? ጠላ ቤት ገብቼ ዋልኩ።

ተመልሼ፣ “እንዳሉኝ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ወይራው ሥር ቀበርኩት፤ ቄሱ እንዳይከለክሉ ለሰው አልተናገርኩም” አልኳቸው። መረቁኝ። ምርቃቱንም ተቀበልኩ።

ድነው አገራቸው ገቡ። ወይራው ሥር ድንጋይ ከምረው በየዓመቱ ለአስተርእዮ ማርያም ሻማ ያበራሉ። አልቆረጥም ያለውን ሁሉ፣ “አይ ፈሪ፣ የእኔስ ቀድሞ ቦታ ይዞልኛል” እያሉ ያሾፉበታል። በእሳቸው አፍ ስንቱ ተቆርጦ ዳነ። የዶክተሩ ስም ገነነ፤ እኔንም ቁስል አጣቢ ድሬሰር አደረገኝ። እውነቱን ባወጣ በሽተኛው ይሸሻል እያልኩ ስንት ዓመት ተደበቅሁ? ሰበብ ነው። የፈራሁት ለራሴ ነው።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ጥሩነሽ መጡ። አርጅተዋል፤ ደክመዋል።

“ስሞት ከእግሬ ጎን እንዲያጋድሙኝ፣ ልኩን የምታውቀው አንተ ነህና ቦታውን ለቆፋሪዎቹ አሳይልኝ” አሉኝ።

እሺ አልኩ። እንደገና ዋሸሁ።

ከእንግዲህ ግን አልዋሽም። ነገ ጠዋት አንኮበር እወርዳለሁ። ዝናብ ነበር አልልም፤ ያልተማርኩ ነበርኩ አልልም፤ ስንቱ ዳነበት አልልም። እግርዎን ለጅብ የጣልኩት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ይቅር በሉኝ አልልም፤ እሳቸው ላይ ሌላ ሸክም አልጭንም። ከረገሙኝ ቆሜ እሰማለሁ። ከዚያ፣ ካሻቸው፣ በቅሎ ለምኜ ገደሉ አፋፍ ድረስ እወስዳቸዋለሁ፤ የሚያለቅሱበትን ቦታ እንኳ ለይተው ይወቁት።