ከአንገቱ የማይያዘው እባብ

ግንቦት መጨረሻ ነበር፤ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት። ከሀዋሳ በኩል የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር ጥቁር እባብ ፈልጎ ቆላውን የሚያውቅ ሰው ሲያጠያይቅ፣ «ለእባብማ እሱ ነው» ብለው እኔን ጠቆሙት። ያኔ ሰው ሲያሞግሰኝ ልቤ ያብጥ ነበር። ከደብረ ታቦር በማለዳ ተነስተን ወደ እብናት ቆላ ወረድን።

ይሄ እባብ፣ ልጆች፣ በጋውን አሸዋማ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚከርመው። መሬቱ ሲርስ ብቅ ይላል። ርዝመቱ ክንድ አይሞላም፣ ውፍረቱ ጣት ያህል ነው፣ ራሱ ከጅራቱ እምብዛም አይለይም። እሱን ማን ይፈራል? ኩይሳ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በዶማ ስፈነቅል ተጠቅልሎ ተኝቷል። በባላ እንጨት አንገቱን ተጫንኩት።

መምህሩ «ጋሼ፣ መያዣ ብረቴን ላምጣ» አለኝ።

«ብረት ምን ያደርግልሃል? ከአንገቱ ከያዝኸው አፉን አይከፍትም። የኛ አገር ሰው እባብ የሚይዘው እንዲህ ነው» አልኩት።

መምህሩ በእጁ ያዘው። ደህና አድርጎ ነው የያዘው፣ ምንም አላጠፋም። እባቡ አፉን ሳይከፍት አንገቱን ጠምዘዝ አደረገና ሌባ ጣቱን ወጋው። ለካ ጉድጓድ ውስጥ አፍ መክፈቻ ቦታ ስለሌለ፣ ረጅሙን ጥርሱን በከንፈሩ ጎን አውጥቶ ነው የሚወጋው። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጣቱ ጠቆረ፣ እጁ እስከ ክርኑ አበጠ፣ ያስመልሰው ጀመር። መኪና መንገዱ ድረስ የሁለት ሰዓት አቀበት ነው፤ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ስልክ አይሠራም። አዘልኩት። «ጋሼ፣ እናቴ ከኔ ሌላ የላትም» ይለኛል። «ዝም በል፣ አትድከም» እለዋለሁ። ዝም ሲል ደግሞ የሞተብኝ እየመሰለኝ «መምህር፣ መምህር» እያልኩ እቀሰቅሰዋለሁ። አልዋሻችሁም፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሁለት ጊዜ መሬት አስቀምጬው አለቀስኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ለዚህ እባብ መርዝ የሚሆን መድኃኒት እንደሌለ ነገረችን። ማስታገሻ እየሰጡ መጠበቅ ብቻ ነው። ነፍሱ ተረፈች፣ ጣቱ ግን ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን የዩኒቨርሲቲ አለቃው መጥቶ «በእጅህ ያዘው ያለህ ማነው?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜያለሁ።

«ማንም አላለኝ፤ የራሴ ጥፋት ነው» አለ። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አቀረቀርኩ።

እናንተም ነገ እባብ ፍለጋ ትወጡ ይሆናል። የማታውቁትን እባብ በብረት ያዙ፣ ብረት ከሌላችሁ ተዉት። «እሱ ያውቃል» የተባለውን ሰውም ቢሆን እኔን አይታችሁ ጠርጥሩ። ያን ቀን አለቃው ሲጠይቅ «እኔ ነኝ ያልኩት» ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አላልኩም።